የአፌ ዳር መስመርና የመደርደሪያዬ ክሬም

ልጄ ያደገችው አዲስ አበባ፣ እናቴ ዘንድ ነው። እኔ ጀበል ገበያ ሱቅ ከከፈትኩ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ የምንገናኘው ቢበዛ በዓመት አንዴ ነው፣ ከዚያ ውጪ በስልክ ነው የምንተያየው። አምና ጥቅምት ላይ በቪዲዮ ስለ ሠርጓ እያወራን ድንገት ዝም አለችና «እማ፣ የከፋሽ ነገር አለ?» አለችኝ። ምንም አልከፋኝም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። «ለምን?» ብላት «አይ፣ አፍሽ ዳር ያለው መስመር ነው መሰለኝ» ብላ ወሬውን ወደ ቀሚስ አዞረችው።

ስልኩን ዘግቼ መስታወት አነሳሁ። የምሸጠው ክሬም፣ ሻምፖ፣ ሂውማን ሄርና መስታወት ነው፤ ያን ቀን ግድግዳው ላይ ዘጠኝ መስታወት ተሰቅሎ ነበር። እውነቷን ነው። ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ተነስቶ እስከ ከንፈሬ ጫፍ የሚወርድ መስመር አለ። ስስቅ እንደሚወጣ አውቅ ነበር፤ ሳልስቅም እዚያው እንደሚቀመጥ ግን ያን ዕለት አየሁ።

ይህን የምጽፈው ብዙ እህቶቼ፣ አንዳንድ ወንዶችም፣ ስለዚህ ነገር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለሚጠይቁኝ ነው። ክሬም ስለምሸጥ የማውቅ ይመስላቸዋል። አላውቅም ነበር። ያወቅኩት በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ነው፤ ከፊሉን በጎረቤቴ ጉዳት፣ ከፊሉን በራሴ ኀፍረት።

ኅዳር ላይ አንዲት ሴት ሻንጣ እየጎተተች ወደ ገበያው መጣች። ሙያውን ካምፓላ ነው የተማርኩት አለች። ከሻንጣዋ ወፍራም እስክሪብቶ የሚመስል ነገር አወጣች። «ፊለር ነው የኔ እህት፣ መርፌ የለውም። በግፊት ብቻ ቆዳ ውስጥ ይገባል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ለልጅሽ ሠርግ ሚዜ መስለሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ። የጠራችው ዋጋ ደግሞ የማይቻል አልነበረም። እኔን ያዳነኝ ብልህነት አይደለም። ያን ቀን በኒሙሌ በኩል የገባ ዕቃ እያራገፍኩ ስለነበር «ነገ ነይ» ብዬ አሰናበትኳት።

ጎረቤቴ ግን፣ ጀበና ቡና የምታፈላው፣ ያንኑ ቀን ከሰዓት ተደረገላት። ማታ ፊቷ ትንሽ አብጦ ነበር፤ እሷ ግን ደስ ብሏታል። በሦስተኛው ቀን የግራ ጉንጯ ደም መሰለ፣ ሲነኩት ያቃጥላል፣ መስመሩ ሥር ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር ወጣ። ትኩሳት ያዛት። ለሴትዮዋ ደወልን፤ ስልኳ ተዘግቷል። ክሊኒክ ወሰድኳትና አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። ትኩሳቱ ወረደ፣ ቃጠሎው በረደ፣ ባቄላዋ ግን እዚያው ቀረች። ሐኪሙ «ያስገባችልሽ ምንድን ነው?» ሲላት እርስ በርስ ተያየን። ብልቃጡን አይታዋለች፤ ምንም ጽሑፍ አልነበረበትም።

ታኅሣሥ መጨረሻ ለሠርጉ አዲስ አበባ ስገባ የጎረቤቴን ፎቶ በስልኬ ይዤ፣ የራሴንም ፊት ይዤ አንድ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ተራ ይዤ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ሲያናግረኝ ግን አልቸኮለም፤ እኔም እንደ ነጋዴ ዕቃ በዕቃ ጠየቅኩት። የነገረኝን፣ በኋላም ራሴ አንብቤ ያጣራሁትን ላካፍላችሁ።

መስመሩ በሽታ አይደለም። ጉንጭና የላይኛው ከንፈር የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ሕፃን ልጅም ሲስቅ ይታያል። ዕድሜ ሲገፋ ጉንጭን ሞልቶ የያዘው ስብ ይሳሳል፣ ወደ ታችም ይንሸራተታል፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ሳይቀር ይቀንሳል። ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የሚባለው ነገርም እየላላ ይሄዳል። ፀሐይና ሲጋራ ያፋጥኑታል፤ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስም ያጎላዋል። መስመሩ የሚታየው አፍ ዳር ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የጎደለው ጉንጭ ላይ ነው ማለት ነው። የጎደለ ጉንጭ ደግሞ በሚቀባ ነገር አይሞላም። «በአንድ ሳምንት መስመር የሚያጠፋ» የሚል ካርቶን ስታዩ ይህን አስቡ። እኔም እንዲህ የሚሉ ካርቶኖች ሸጫለሁ።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስም ቦቶክስ ነው፤ ለዚህ መስመር ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ቦቶክስ ጡንቻን ለጊዜው ያዝላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 2002 ለውበት ሲፈቅደው በቅንድብ መካከል ላለው መኮሳተር ነበር፤ ሥራው ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። አፍ ዳር ያሉት ጡንቻዎች ግን የምንስቅባቸውና የምንናገርባቸው ናቸው። እነሱ ከዛሉ ሳቅ ሊጣመም ይችላል።

ለዚህ መስመር በብዛት የሚሠራው ፊለር ነው፤ መሙያ ማለት ነው። ይህ ስም ብዙ ዓይነት ዕቃ ይሸፍናል። ብዙዎቹ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚባል ጄል የተሠሩ ናቸው፤ በገዛ ሰውነታችን ውስጥም ያለ፣ ውኃ የሚይዝ ነገር ነው። በአሜሪካ የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው ፊለር ልክ ለዚሁ የአፍ ዳር መስመር የተፈቀደው በ2003 ነው። እንደ ዓይነቱ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆያል፣ አንዳንዱም ከዚያ ያልፋል፤ ከዚያ ሰውነት ቀስ በቀስ ያጠፋዋል፣ እንደገና መክፈል ነው። ትልቁ ጥቅሙ መመለሻ ያለው መሆኑ ነው፦ ካልተስተካከለ ወይም ችግር ካመጣ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም በመርፌ ገብቶ ያሟሟዋል።

ሌሎቹ ዓይነቶች፣ ከካልሲየም የተሠራውና ፖሊ ላክቲክ አሲድ የሚባለው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፣ ቆዳው ራሱ ኮላጅን እንዲሠራም ይቀሰቅሳሉ። ፖሊ ላክቲክ አሲድ በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው ለውበት ሳይሆን በኤችአይቪ ምክንያት ጉንጫቸው ለጎደለ ሰዎች ነበር። ስለዚህ ፊቱን የሚታከም ሰው ሁሉ የቅንጦት ጉዳይ ይዞ ነው ብላችሁ አትሳቁ። የእነዚህ ፊለሮች ችግር ግን እንደ ሃያሉሮኒክ አሲዱ የሚያሟሟቸው ኢንዛይም አለመኖሩ ነው።

«አደጋው ምንድን ነው?» አልኩት። ጣቱን በራሱ አፍንጫ ዳር አድርጎ አሳየኝ። በዚያ መስመር አጠገብ ወደ ዓይን አካባቢ የሚወጣ የደም ቧንቧ ያልፋል። ጄሉ በስህተት ቧንቧው ውስጥ ከገባ ደም ይዘጋል፤ ቆዳው ሊሞት፣ በጣም አልፎ አልፎም ዓይን ሊታወር ይችላል። ወዲያው ኃይለኛ ሕመም፣ የቆዳ መንጣት ወይም መጠቋቆር፣ የዕይታ መደብዘዝ ከመጣ «ነገ አየዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ጉዳዩ የደቂቃና የሰዓት ነው። ለዚህ ነው በእጁ ሃያሉሮኒዴዝ የሌለው ሰው ፊለር መያዝ የማይገባው።

የጎረቤቴን ፎቶ ሳሳየው «እስክሪብቶ ነበር?» አለኝ ገና ሳልነግረው። ያው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ2021 እነዚህን መርፌ አልባ መሣሪያዎች ማንም እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል። ግፊቱ ጄሉን የት ድረስ እንደሚያስገባው መቆጣጠር አይቻልም። «ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሆነ ላሟሟላት እሞክራለሁ» አለኝ። «ግን መሆኑን ማን ነገራችሁ?»

ማንም አልነገረንም።

ፊለር ካልሆነስ? ሌዘርና ቆዳን በጥቃቅን መርፌ የሚወጉበት ሕክምና አለ፤ ቆዳውን ያድሳሉ፣ ጥልቅ መስመር ላይ ግን ለውጣቸው መጠነኛ ነው። እንደኛ ጠይም ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ ጠቁሮ ይቀራል፤ ስለዚህ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ልምድ ያለውን ባለሙያ መፈለግ ግድ ነው። ከሚቀቡት ውስጥ ማስረጃ ያለው ትሬቲኖይን ነው። ማታ ማታ በጣም ትንሽ ይቀባል፣ መጀመሪያ ያደርቃል፣ ያላልጣል፣ ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፣ እርጉዝ ሴት ደግሞ አትቀባውም። ቀጫጭኑን ሽብሽብ ያለሰልሳል እንጂ ጉንጭ አይሞላም።

ከሁሉም ርካሹ የፀሐይ መከላከያ ነው። በአውስትራሊያ፣ ናምቡር በምትባል ከተማ፣ በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ እንዲቀቡ የተደረጉ ሰዎች ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ሲታዩ፣ እንደ ፍላጎታቸው ከሚቀቡት ይልቅ የቆዳቸው ማርጀት በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የጥናቱ ውጤት የወጣው በ2013 ነው። የእነሱ ቆዳ እንደኛ አይደለም፤ የኛ የተፈጥሮ ጥላ አለው፣ ግን ጥላው ሙሉ አይደለም። ጁባ ከምድር ወገብ የምትርቀው አምስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ጀበል ላይ ከቆርቆሮ ሥር ተቀምጠን እንኳ ጨረሩ ከአስፋልቱና ከአቧራው ተንፀባርቆ ያገኘናል። አዲስ አበባ ደግሞ ቀዝቃዛ ስለሆነች አትጎዳም አትበሉ፤ ከፍታ ሲጨምር ጨረሩ ይበረታል። ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ፣ ውጪ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ። ሰፊ ባርኔጣም ይረዳል።

ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ «እርስዎስ ፊትዎን ምን ይቀባሉ?» አለኝ።

የክሬሙን ስም ነገርኩት። አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ፊቴን ስለሚያጠራውና ስለሚያቀላው እወደዋለሁ። ደንበኞቼም የሚወዱት እሱን ነው። «ዕቃው አለ?» አለኝ። በዋትስአፕ ለደንበኞች የምልከው ፎቶ ነበረኝ፣ የካርቶኑ ጀርባ ሳይቀር። በሁለት ጣቱ አጉልቶ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አነበበልኝ፦ ክሎቤታሶል።

ክሎቤታሶል ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት ነው። ለከባድ የቆዳ በሽታ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለጥቂት ሳምንት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በየቀኑ ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ ኮላጅኑን ይበላል፣ ቀጫጭን የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል። መስታወት ሰጠኝና ጉንጬ ላይ እንደ ክር የተዘረጉትን ቀያይ ሥሮች አሳየኝ። ጥራት ነው ብዬ ያሰብኩት ቆዳዬ መሳሳቱ ነበር። መስመሩን ዕድሜ ቢያመጣውም እኔ በየማታው አግዤዋለሁ።

ያን ቀን ከክሊኒኩ ስወጣ ስለ ፊቴ አልነበረም የማስበው። ሻንጣ ይዛ የመጣችውን ሴትዮ ስንት ቀን ረግሜያታለሁ! ጽሑፍ የሌለው ብልቃጥ ይዛ ሰው ፊት ላይ እንዴት ትደፍራለች ብዬ። እኔ ስልክ ስገዛ ካርቶኑ መታሸጉን አያለሁ፣ ሻምፖ ሳወርድ ጊዜው አለማለፉን አያለሁ፣ ቢበላሽ ማን እንደሚመልስልኝ ሳልጠይቅ ለአከፋፋይ ብር አልቆጥርም። የክሬሙ ካርቶን ግን ጽሑፍ ነበረው፤ አራት ዓመት ስሸጠው አንድ ቀን አላነበብኩትም።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ሜካፕ የሠራችኝ ልጅ ጎበዝ ነበረች፣ ግን ስስቅ መስመሩ ይወጣል። ልጄ ሳሎኗ የሰቀለችው እኔ አፌን ከፍቼ የምስቅበትን ፎቶ ነው። እኔ ሌላውን ነበር የመረጥኩት።

የካቲት ላይ ጀበል ተመልሼ መደርደሪያዬን አወረድኩ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ፣ በስልክ መብራት፣ በማጉያ አነበብኩ። ክሎቤታሶል ያለበት፣ ቤታሜታሶን ያለበት፣ ሃይድሮኪኖን ያለበት፣ ምን እንዳለበት ጭራሽ ያልተጻፈበት። ይህ ያልተጻፈበቱ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራል፤ በአንዳንድ ፊት የሚያቀላ ክሬም ውስጥ ሜርኩሪ ይጨመራል፣ እሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፣ ካርቶን ላይም አንዳንዴ «ካሎሜል» ተብሎ ይጻፋል። ስድስት ደርዘን ከጥቂት ፍሬ ወጣ። ገንዘብ ነው። ሐምሌ 2008 ተኩሱ እዚሁ ጀበል በነበረ ጊዜ ሱቄ ተዘርፎ ከባዶ ነው የጀመርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃ በገዛ እጄ ስጥል የመጀመሪያዬ ነው። የትርፌም ትልቁ ክፍል ከእነሱ ነበር።

ጎን ያለው ነጋዴ ወንድሜ «አንቺ ብትተዪው እኔ ጋ ይገዛሉ» አለኝ። ልክ ነው፣ እሱ ጋ ይገዛሉ። ሩዋንዳ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ እነዚህን ክሬሞች ከየሱቁ በፖሊስ ሰብስባለች። እኛ ጋ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ይጠብቅ፤ እኔ ግን አሁን አንብቤዋለሁ፣ እንዳላነበብኩ መሆን አልቻልኩም።

መጀመሪያ ሰሞን ደንበኛ ስትጠይቀኝ «ማፊ» ብቻ እል ነበር። የለም ማለት ቀላል ነው። አንድ ቀን ግን ለሁለት ዓመት ከእኔ የምትገዛ የአገሩ ልጅ መጣች፤ ፊቷን ሳየው የራሴን ጉንጭ አየሁ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ሁሉንም ነገርኳት። አዳመጠችኝና «ሁለት ዓመት ስትሸጪልኝ የት ነበርሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኳት። ክሬሙን በአንድ ጊዜ ብታቆመው ፊቷ ሊቆጣ፣ ሊያብጥና ሊያቃጥላት እንደሚችል፣ ስለዚህ ሐኪም አይቷት ቀስ በቀስ እንድትተወው ነገርኳት። እኔም እንደዚያ ነው የተውኩት፤ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፣ ሁለተኛው ወር ላይ ፊቴ ቲማቲም መስሎ ነበር። ልጅቷ እስካሁን ተመልሳ አልመጣችም።

«አንቺስ፣ ፊለሩን አደረግሽው ወይ?» ለምትሉኝ፣ አላደረግኩም። ነውር ነው ብዬ አይደለም፤ በገዛ ፊቱና በገዛ ብሩ ሰው ያሻውን ያድርግ። ሐኪሙ «ካደረጉ ለሁለት ሳምንት ያህል እዚህ ይቆዩ፣ ላይዎት እፈልጋለሁ» ብሎኛል። ሱቅ ዘግቼ ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ መቀመጥ ስችል፣ ቆዳዬም ሲያገግም አስብበታለሁ። ጁባ ላይ ግን አላደርገውም። ጀበል ዙሪያ አራት ፋርማሲ ገብቼ ሃያሉሮኒዴዝ ጠይቄያለሁ፤ አንዱም ጋ አላገኘሁም።

አገር ቤት ስትሄዱ ፊታችሁ ካስጨነቃችሁ የቆዳ ሐኪም እዩ። አዲስ አበባ ያለው አለርት፣ የድሮ ሰዎች ዘነበወርቅ የምንለው፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ተብሎ በፈረንጆቹ 1965 ቢቋቋምም ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ችግር ይሄዱበታል። ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ ከነካርቶኑ ያዙ፤ የሚሸጥላችሁ ሰው እኔም ብሆን።

ጎረቤቴ ዛሬም ቡና ታፈላለች፤ ነጠላዋን በግራ ጉንጯ በኩል ሳብ አድርጋ። ሐኪሙ ባቄላዋ ምን እንደሆነች በአልትራሳውንድ ሊያይላት ይችላል፤ እሷ ለአውሮፕላኑ እያጠራቀመች ነው፣ እኔም ድርሻዬን እያዋጣሁ ነው። ሴትዮዋ በቅርቡ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ታይታለች ብለውኛል። ወደ ሱቃችሁ ሻንጣዋን ይዛ ከመጣች አትጣሏት፤ ብልቃጡን ተቀብላችሁ አገላብጡት፣ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልፍ፣ ችግር ቢመጣ በምን እንደምታሟሟው ጠይቋት። ከዚያ ወደ መደርደሪያችሁ ዞራችሁ ያንኑ ጠይቁ።